ስለ ፕሮግራሙ የሚለው መስኮት

«አዝማች» የተባለው ፕሮግራም ተከፍቶ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችው የጥያቄ ምልክት ስትነካ፣ «ስለ ፕሮግራሙ» የሚል ትንሽ መስኮት ይወጣ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ሦስት መስመሮች ነበሩ። የመጀመሪያው የፕሮግራሙን ስምና ስንተኛ እትም መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው «ጸሐፊ፦ መዝገቡ ወልደሰንበት፣ ኮልፌ» ይላል። ሦስተኛው የአጠቃቀም ፈቃዱ ነው፤ «ማንም ይውሰድ፣ ማንም ይቀይር፣ ማንም ያካፍል፤ የጸሐፊውን ስም ግን አያጥፋ» ይላል። ፊደሉ ደቃቅ፣ ቀለሙ ግራጫ ነው። ያንን መስኮት ከፍቶ የሚያነብ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። መዝገቡም ይህን አያጣውም። ስሙ እዚያ መኖሩን ማወቁ ግን ይበቃው ነበር።

ፕሮግራሙ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመዝሙር ግጥም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያበራል። ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ያለችው የመዝገቡ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ ግጥሙን በስላይድ ነበር የምታሳየው። ችግሩ፣ ዘማሪ ለስላይድ አይገዛም። ሁለተኛውን ቁጥር ይጀምርና መንፈስ ሲነካው ወደ አዝማቹ ይመለሳል፤ አዝማቹን አንዴ ይለዋል፣ ሰባት ጊዜ ይለዋል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ያርፋል። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ስላይዱን ወደ ኋላ ሲያገላብጥ ሕዝቡ አንዱን እየዘመረ ሌላውን ያነብባል። መዝገቡ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጦ ዘማሪዎቹን አጠና። አብዛኞቹ ወደ አዝማቹ ከመመለሳቸው በፊት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሌሎቹ ማይኩን በሁለት እጅ ይይዛሉ። ይህን ካየ በኋላ ፕሮግራሙን ጻፈ። የትም ቦታ ላይ ሆነህ አንዲቷን ቁልፍ ስትጫናት አዝማቹ ይመጣል፤ ደግመህ ስትጫናት ወደ ነበርክበት ትመለሳለህ። ቀላል ነገር ነው። ቀላል ለማድረግ አራት ዓመት ፈጀበት።

መዝገቡ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ቤቴል ባለ አንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነው። ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ይቆጥራል፣ ያየውን ብቻ ይጽፋል፤ ከዚያ ሐኪሙ ውጤቱን ለበሽተኛው ይነግራል፣ በሽተኛውም ሐኪሙን ያመሰግናል። በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም፤ የሥራው ጠባይ ነው። ኮድ መጻፍ የተማረው ከሥራ ሲመለስ በራሱ ነው። የሚኖረው ከእናቱ ከወይዘሮ ሙሉወርቅ ጋር፣ አባቱ በሠሩት ቤት ነው።

አባቱ አቶ ወልደሰንበት አናጺ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኗ በአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ስትጀመር አግዳሚ ወንበሮቿን በሙሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። በአንዱም ላይ ስማቸውን አልቀረጹም። «ለጌታ ነው» ይሉ ነበር ሲጠየቁ። እሳቸው ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ የፕላስቲክ ወንበር ተገዛና አግዳሚዎቹ ተፈልጠው ለጉባኤ ወጥ ማብሰያ ማገዶ ሆኑ። መዝገቡ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከፈላጮቹም አንዱ እሱ ነበር። አንዱ ወጣት መጥረቢያውን አንስቶ «አቦ፣ ማን ነው እነዚህን የሠራቸው? እንጨቱ አልሰበር አለ እኮ!» አለ። የመለሰለት ሰው አልነበረም። መዝገቡም መልሱ አፉ ደርሶ ተመለሰ። ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያ ትንሽ መስኮት ሁለተኛውን መስመር ሲጽፍ፣ ከራሱ ስም ይልቅ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም አስቦ ነበር የጻፈው።

*

መዝገቡ በአካል ዝምተኛ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። «ክፍት በር» የሚባል ግሩፕ አለ። ሊኑክስና ክፍት ሶፍትዌር የሚወዱ፣ ወይም የሚወዱትን ማብሸቅ የሚወዱ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነው። አባላቱ ሦስት ሺህ ይጠጋሉ፤ አፍ ያላቸው ግን ሃያ አይሞሉም።

ከእነሱ አንዱ አብርሽ ነው። አየር ጤና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው። ግሩፑ ውስጥ የገባው ለጠብ ነው።

«እኔ ነፃ ሶፍትዌር ማከፋፈል የጀመርኩት እናንተ ጥርስ ሳታወጡ ነው» ብሎ ይጽፋል። «ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ዊንዶውስ በሉ፣ ፎቶሾፕ በሉ፣ የፈለጋችሁትን በሉ።»

«አብርሽ፣ እሱ ነፃ አይደለም፣ የተሰረቀ ነው» ትለዋለች ኤቢሴ። ኤቢሴ የአንድ ባንክ ሰርቨሮች ጠባቂ ናት፤ በቃላት ያሸነፋት ሰው እስካሁን አልተገኘም።

«ለሚጠቀመው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ነፃነት።»

«ነፃነት ፕሪንተሬን ያሠራልኛል?»

«ያንተን ፕሪንተር ጸሎትም አያሠራው።»

እንዲህ ሲባባሉ መዝገቡ ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ዓረፍተ ነገር ይጥላል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ክርክሩን ትዘጋለች። ከሁሉም የታወቀችው ስለ ፎርክ የጻፋት ናት። ፎርክ ማለት የሌላውን ሰው ፕሮግራም ወስዶ፣ ለውጦ፣ በራስ መንገድ ማስኬድ ነው። አንድ ጀማሪ «የሰው ፕሮግራም ፎርክ ለማድረግ ባለቤቱን ማስፈቀድ አለብኝ?» ብሎ ሲጠይቅ መዝገቡ «ፎርክ መብት ነው። የሚያስፈቅድ ሰው ፈቃዱን አላነበበም» ብሎ መለሰ። ግሩፑ ወዶለት ከላይ ፒን አደረጋት። ሁለት ዓመት እዚያው ተሰክታ ቆየች።

ሄኒ የዚህ ግሩፕ አባል ነው፤ የመዝገቡ ቤተ ክርስቲያን አባልም ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ዌብሳይት እየሠራ ይኖራል፣ እሑድ እሑድ ቤዝ ጊታር ይመታል። ፊቱ ብሩህ ነው፤ ገና ሳይናገር ሰው ይስቅለታል። ፕሮግራሚንግ ሲጀምር መዝገቡን ብዙ ጠይቆታል፣ መዝገቡም ሳይሰለች መልሶለታል። በግሩፑ ውስጥ «መዜ» ይለዋል፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ «ወንድም መዝገቡ»።

አንድ ሰኞ ሄኒ ግሩፑ ላይ ሊንክ ለጠፈ። «አዝማች ፕላስ! አዲስ መልክ፣ በስልክ የሚታዘዝ። ሞክሩትና ተሳደቡ።» ሰዎቹ ሞከሩት፤ አልተሳደቡም። ኤቢሴ እንኳ «አቤት! ዓይን ይይዛል» አለች።

መዝገቡ ከሥራ ሲመለስ አወረደው። ሌላው ሰው ዲዛይኑን አይቶ ሲያደንቅ፣ እሱ የድሮውንና የአዲሱን ኮድ ጎን ለጎን አድርጎ መስመር በመስመር አነጻጸረ። ሄኒ ጎበዝ ሆኗል። ሁለት ቦታ ላይ መዝገቡ በዙሪያ ጥምጥም የሄደበትን በቀጥታ ሄዶበታል። በስልክ የሚታዘዝበት መንገድም ንጹሕ ነው። መዝገቡ ደስ አለው፤ ልጅ ሲያድግ እንደሚያይ ሰው። በመጨረሻ የጥያቄ ምልክቷን ነካት።

መስኮቱ ሰፍቷል፣ ጠርዙ ክብ ሆኗል። በውስጡ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ክብር ሁሉ ለእግዚአብሔር ይሁን።»

ዘግቶ ደግሞ ከፈተው። ከዚያ ለሄኒ በውስጥ ጻፈለት።

«ሄኒ፣ ስሜ የት ሄደ?»

«መዜ! አየኸው እንዴ? እንዴት ነው ዲዛይኑ?»

«ዲዛይኑ ጥሩ ነው። ስሜ የት ሄደ?»

«ብሮ፣ የኔም እኮ የለበትም! ዘማሪዎቹ ናቸው በመቅደስ የሰው ስም አይታይ ያሉት። ሳስበው ልክ ናቸው።»

«ፈቃዱ ስም አታጥፋ ይላል።»

«ያስፈቀደ ሰው ፈቃዱን አላነበበም ያልከው አንተ አይደለህ? ፒን ተደርጓል እኮ።»

«ያነበበ ሰው ሦስተኛውን መስመር ያያል።»

ሄኒ ለጥቂት ጊዜ ሲጽፍ፣ ሲያቆም፣ ሲጽፍ ታየ። በመጨረሻ «እሺ ብሮ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንነጋገር» አለ።

*

እሑድ አልተነጋገሩም። ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት እንግዶች መጥተው ነበር። መዝገቡ እንደ ልማዱ ከኋላ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ የሚሠራው ግን አልነበረም፤ ሄኒ ጊታሩን አንግቦ በስልኩ ነበር ግጥሙን የሚያስኬደው። ዝማሬው ሲያበቃ መሪው ማይኩን ይዞ «ይህን የምታዩትን ፕሮግራም ጌታ በገዛ ልጃችን እጅ ሰጥቶናል። ወንድም ሄኒ፣ እስቲ ወደ ፊት ና» አለ። ሄኒ ወጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እልልም ተባለ። ሄኒ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረና «ክብር ለጌታ፣ ክብር ለጌታ» አለ። ጭብጨባው ባሰ።

መዝገቡ ከኋላ ሆኖ ይህን በደንብ አየ። በማይክሮስኮፕ እንደሚያይ ነበር ያየው፤ ሳይቸኩል። ስም ያልተጻፈበት ነገር ባለቤት አያጣም። ፊት ለቆመው ይሆናል። ሄኒ ስሙን የትም አልጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገውም፤ ሕዝቡ በዓይኑ ጽፎለታል። ከአምልኮው መልስ እንግዶቹ ሄኒን ከበቡት። «አዝማችን የሠራው ልጅ» ሲሉት መዝገቡ በጎናቸው እያለፈ ሰማ። ሄኒም ሰማ። አላረመም፤ ፈገግ ብሎ «እግዚአብሔር ነው» አለ።

መዝገቡ ቤቱ እስኪደርስ አልጠበቀም። ታክሲ ፌርማታው ላይ ቆሞ ግሩፑ ውስጥ ጻፈ። የሁለቱን መስኮቶች ፎቶ ጎን ለጎን ለጠፈና «ልዩነቱን ፈልጉ» አለ።

ግሩፑ ተንጫጫ። ኤቢሴ መጀመሪያ ደረሰች፦ «ሄኒ፣ ይሄ ዲዛይን አይደለም፣ ስርዝ ድልዝ ነው። ፈቃዱን ጥሰሃል።»

አብርሽ እድሜ ልኩን የጠበቀው ቀን የመጣለት ይመስል ነበር። «ሃያ ዓመት ዊንዶውስ ክራክ ሳደርግ አንድ ቀን የባለቤቱን ስም አልሰረዝኩም። ሌብነትም ሥነ ሥርዓት አለው እኮ፣ ጎበዝ!»

ሄኒ ገባ። «ክብርን ለእግዚአብሔር መስጠት ሌብነት ሆነ?»

«የራስህን ክብር ስጥ» አለች ኤቢሴ። «የመዜን ነው የሰጠኸው።»

«እኔ የሠራሁትም አለበት። በኔም በሱም የሠራው ጌታ ነው።»

መዝገቡ ታክሲ ውስጥ ገብቶ መስኮት ዳር ተቀምጦ ነበር። ጭብጨባው ገና ጆሮው ውስጥ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጣለ፣ ክርክር እንደምትዘጋው ዓይነት።

«እግዚአብሔር በዚህ ኮድ ውስጥ አንድ መስመር አልጻፈም። ታሪኩን አገላብጬ አየሁት፤ አንድም ኮሚት የለውም።»

ኮሚት የሚባለው ማን የትኛውን መስመር መቼ እንደጻፈ የሚመዘገብበት ነው። በግሩፑ ቋንቋ ይህ ተራ ቀልድ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ሰው ስለ አለቃው ወይም ስለ አጎቱ የሚናገረው። ለመዝገቡ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ያየውን ብቻ ነው የጻፈው። የሳቅ ምልክቱ ወረደለት። አብርሽ «ዛሬ ሞትኩ» አለ።

ታክሲው ኮልፌ ሳይደርስ አንድ ሰው ያቺን ዓረፍተ ነገር ፎቶ አነሳት። ከላይዋ ያሉትን አላካተተም፣ ከታችም ያሉትን። ዓረፍተ ነገሯ ከመዝገቡ ስም ጋር ብቻዋን ወደ ዘማሪዎች ግሩፕ ሄደች፤ ከዘማሪዎች ወደ እናቶች ጸሎት ግሩፕ። ማን እንደላካት እስካሁን አልታወቀም። ሄኒ እኔ አይደለሁም ብሏል፤ መዝገቡም ያምነዋል፤ ማስረጃ ስለሌለው።

*

ረቡዕ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ከጸሎት ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወንበር ሳቡ።

«መዝጌ፣ እግዚአብሔር ምን የለውም ነው ያልከው?»

«ኮሚት።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰው ሲሠራ ሥራው በስሙ የሚመዘገብበት ነው፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ሙሉወርቅ አሰቡ። «እንግዲያው እግዚአብሔር ሥራ የለውም ብለሃላ።»

«አላልኩም። እዚህች ፕሮግራም ውስጥ ነው ያልኩት።»

«እዚህች ውስጥ ከሌለ የት ሊኖር ነው?» አሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ደክሟል። «ፅጌ ዛሬ ከጎኔ ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት አብረን ተቀምጠናል። ሰላም እንኳን በአገጯ ነው ያለችኝ።» ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አጠፉ። «ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ይፈልጉሃል። ሄኒንም ጠርተውታል። እባክህ፣ እዚያ ሄደህ እንደ ስልክህ አትናገር።»

በዚያው ቀን ኤቢሴ ደወለች። በአካል ተገናኝተው አያውቁም፤ ድምፅዋን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ ከጽሑፏ ለስለስ ያለ ነው።

«መዜ፣ ቅሬታውን እኔ ልጻፈው። የድሮው ኮድ ባንተ ስም ነው፣ ቀኑም አለ፣ ፈቃዱም አለ። ኮዱ የተቀመጠበት ድርጅት ካየው የሄኒን ገጽ ይዘጋዋል። ወይ ይዘጋል፣ ወይ ስምህን ይመልሳል። ሦስተኛ የለውም።»

«ቅዳሜን ልይ።»

«ቅዳሜ ምን አለ?»

«ሽማግሌዎች።»

ሳቀች፤ ሳቋን ግን ቶሎ ዋጠችው። «ፈቃድ ካልተከበረ ፈቃድ አይደለም። ይህን ያስተማርከን አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ። ቅዳሜን ልይ።»

*

የሽማግሌዎቹ ቢሮ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። መሐል የተቀመጡት ጋሽ ጥሩነህ ናቸው። ዕድሜያቸውን በመርካቶ ጨርቅ በመሸጥ ያሳለፉ፣ የሁለት ነጋዴ ጠብ በአንድ ከሰዓት የሚያበርዱ ሰው ናቸው። በግራቸው የዘማሪዎች ኃላፊ እትዬ ፅጌ ተቀምጠዋል። ሄኒ አንገቱን ደፍቷል። በመስኮቱ በኩል፣ ውጭ ጥላው ሥር፣ ወይዘሮ ሙሉወርቅ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ይታያሉ። ግቡ ቢሏቸው እምቢ ብለዋል።

ጋሽ ጥሩነህ ከጸሎት በኋላ «እኔ የኮምፒውተሩን አላውቅም» አሉ። «የሰውን ግን አውቃለሁ። መዝገቡ፣ ልጄ፣ ማንም ይውሰድ ብለህ ጽፈሃል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ማንም ይቀይር ብለሃል?»

«ብያለሁ። ስሜን አያጥፋ ደግሞ ብያለሁ።»

«እሱን እንመጣበታለን። ሄኒ የወሰደው አንተ ውሰዱ ካልከው ነው። ታዲያ ምን ወሰደብህ?»

«ስሜን።»

«ስምህማ ይኸው አንተ ጋ አለ» አሉ ጋሽ ጥሩነህ፤ ለማሳቅ አልነበረም። «መስኮቱን ሰው ከፍቶ ያነብበው ነበር?»

መዝገቡ የማያውቀውን አይናገርም፤ የሚያውቀውን አይደብቅም። «አያነብበውም።»

«ታዲያ ለማን ነበር የጻፍከው?»

መልሱ አፉ ደረሰ። «ለአባቴ» ሊል ነበር። ጋሽ ጥሩነህ ግን አንድ እስትንፋስ ቀደሙት።

«እኔ አባትህን አውቃቸዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው በእውነት ሞቀ። «ይህ ቤት ቆርቆሮ ሳለ አግዳሚውን ሁሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ስሜ ይጻፍ ብለው ያውቃሉ? አያውቁም። ለጌታ ነው ብለው ሄዱ። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ነህ እኮ አንተ።»

መዝገቡ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ሊናገራት የነበረችው አንዲት ነገር ተወስዳለች፤ ተወስዳም በእሱ ላይ ተመልሳለች።

«አግዳሚዎቹ አሁን የት አሉ፣ ጋሼ?»

«የትኞቹ?»

«አባቴ የሠሯቸው።»

ጋሽ ጥሩነህ ወደ እትዬ ፅጌ አዩ። «እንግዲህ... ጊዜ አለፈባቸውና...»

«ፈልጠን ወጥ ሠራንባቸው። እኔም ፈልጫለሁ። ማን ነው የሠራቸው ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እሰማለሁ፤ የሳቸው ግን ከማገዶ በላይ አልዋለም።»

እትዬ ፅጌ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ልስልስ ባለ ድምፅ «ያንን ወጥ የበላው ሕዝብ ባርኳቸዋል፣ መዝጌ» አሉ። «ሁለት ቀን ሙሉ ጉባኤ ያበላ እንጨት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ስም ትፈልግላቸዋለህ?»

በቅንነት ነበር ያሉት። መዝገቡን የጎዳውም ይኸው ነው፤ ክፋት ቢኖርበት መልስ ነበረው።

ጋሽ ጥሩነህ የሁለት ነጋዴ ጠብ እንደሚያበርዱት አበረዱት። ጥፋት ከሁለቱም አለ፤ ሁለቱም ይተዉ። ሄኒ ይቅርታ ይጠይቅ፤ መዝገቡም ይጠይቅ። የስሙ ነገር፣ መቅደሱ የሰው ስም የማይነሣበት ስለሆነ፣ እንዳለ ይቅር። ነገሩም ከዚህ ክፍል አይውጣ፤ ወንድም ወንድሙን ለውጭ ድርጅት አይከስስም። ስለ ኤቢሴ ከየት እንደሰሙ መዝገቡ አልጠየቀም።

ሄኒ ተነስቶ መጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እንባውም የውሸት አልነበረም። «ወንድም መዝገቡ፣ ሳልነግርህ ስለወሰድኩ ይቅርታ አድርግልኝ» አለና አቀፈው።

መዝገቡ በታቀፈበት ሆኖ ያንን ዓረፍተ ነገር መረመረው። ፈቃዱ ንገሩኝ አይልም። ሳይናገሩ መውሰድ በፈቃዱ የተሰጠ መብት ነው፤ ራሱ መዝገቡ ሁለት ዓመት ሙሉ በፒን ያስተማረው ነው። ፈቃዱ የሚጠይቀው ስም ብቻ ነበር። ሄኒ ላልበደለው በደል ይቅርታ ጠየቀ፤ የበደለውን ግን አላነሳውም፤ ሽማግሌዎቹም አላነሱበትም።

«አንተስ?» አሉ ጋሽ ጥሩነህ።

መዝገቡ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እናቱ ወንበራቸውን ጥላው ወደሄደበት ትንሽ ሳብ አደረጉ። ወደ ቢሮው አልተመለከቱም፤ መሬቱን ነበር የሚያዩት።

«ስለጻፍኩት ይቅርታ» አለ።

«ጌታ ይባርክህ።» ጋሽ ጥሩነህ ትከሻውን ነኩት። «ነገ ጉባኤው በስምህ ይጸልይልሃል።»

ሲወጡ እትዬ ፅጌ ቀጥ ብለው ወደ ጥላው ሄዱና ወይዘሮ ሙሉወርቅን ሦስት ጊዜ ሳሟቸው። መዝገቡ ስልኩን አውጥቶ ለኤቢሴ «ተዪው» ብሎ ጻፈ።

«እሺ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ከእሷ ስድብ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

አብርሽ ወሬው በምን እንደደረሰው አይታወቅም፤ ማምሻውን ግሩፑ ውስጥ «እንግዲህ ፈቃድም በሽማግሌ ይሻራል። ኑ፣ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ኑ» ብሎ ጻፈ። የግሩፑ አስተዳዳሪዎች ስለ ፎርክ የተጻፈችውን የመዝገቡን ዓረፍተ ነገር አወረዱና ይህችን ፒን አደረጉ።

*

እሑድ መዝገቡ ከኋላ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ አልተቀመጠም። እዚያ የሚሠራ ሰው አላስፈለገም። ከእናቱ ጎን ተቀመጠ፤ በእናቱ ሌላ ጎን እትዬ ፅጌ ነበሩ።

ከዝማሬው መሐል የጸሎት ጊዜ ሆነ። ሄኒ በስልኩ አንዲት ቁልፍ ነካ፤ የመዝሙሩ ግጥም ደበዘዘና የጸሎት ርዕሶች መጡ። አዝማች ፕላስ ከጨመራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ እያንዳንዱን ርዕስ ብቻውን፣ በትልቅ ፊደል ያወጣል። መጀመሪያ ስለ ሀገር ሰላም። ቀጥሎ፦

«ወንድም መዝገቡ ወልደሰንበት። ጌታ ልቡን እንዲያለሰልስ።»

ፊደሉ ነጭ ነው። ከመጨረሻው ወንበር ይነበባል። ሕዝቡ ድምፁን አንስቶ ጸለየ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ የልጃቸውን እጅ ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። መዝገቡ አልጨፈነም። የራሱንም የአባቱንም ስም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አነበበው። ከዚያ የእጅ ሰዓቱን አየ።

መድረኩ ላይ ዘማሪው ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ። ሄኒ አየውና ቁልፏን ተጫናት፤ አዝማቹ መጣ። ስሙ ግድግዳው ላይ የቆየው አርባ ሦስት ሰከንድ ነው።